ቀትር ላይ የሚተኛው

ሥዕሉ አልተሰረቀም። በሩ አልተሰበረም፤ መስታወት አልተሰነጠቀም፤ መሳቢያ ውስጥ የተረሳው የወርቅ ሰዓት እንኳ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከሳሎኑ ዋና ግድግዳ ላይ፣ ከረጅሙ ግራጫ ሶፋ በላይ፣ ቁመተ ሰው የሚያህለው የጨርቅ ሥዕል እንደ ወትሮው ተሰቅሏል። ላሞቹ አሉ፤ የውሃ አበቦቹ አሉ፤ በመካከላቸው ግራ እጁን ሽቅብ አንሥቶ የቆመው ጥቁር ሰማያዊ ሕፃን አምላክ፣ ታኩርጂ፣ አለ። የሌሉት ዓይኖቹ ናቸው።

የኡዳይፑር ፖሊስ ኢንስፔክተር ናርባዳ መናርያ ከሥዕሉ ፊት ቆማለች። ዓይኖቹ በነበሩበት ቦታ የፊቱ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ብቻ ይታያል። የቤቱን ባለቤት የቪዲሻ ሲንግቪን ቃል እየሰማች በማስታወሻዋ አጫጭር ቃላት ትጽፋለች። ቤተሰቡ ረቡዕ ማለዳ ወደ ዱባይ በረረ፤ እሑድ ማታ ተመለሰ። ዛሬ ማክሰኞ ጧት ስለ ዘመናዊ ቤቶች ከሚያትም መጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ መጣ፤ ካሜራውን ካቆመ በኋላ የአምላኩን ዓይኖች ምን እንዳደረጓቸው ጠየቀ። ቪዲሻ ያኔ ነው ያየችው።

«ከእሑድ ማታ ጀምሮ እዚሁ ሳሎን ተቀምጠዋል?» አለች ናርባዳ።

«የት ልንቀመጥ ኖሯል?»

ናርባዳ ይህንንም ጻፈች።

ከሥዕሉ ሥር ባለው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ አንዲት የብረት ኩባያ ነበረች፤ ወገቧ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ውሃው ከግማሽ በታች ደርሷል፤ ከላይ ግን ውሃው ድሮ የነበረበትን ከፍታ የሚያሳይ ስስ ነጭ ቀለበት ቀርቷል። ቪዲሻ ኩባያዋን በጣቷ ጫፍ እያሳየች ብሩሹ የታጠበው በዚህ ነው አለች። ማን እንዳጠበው ስትጠየቅ ለመመለስ አላመነታችም። የቤት ሠራተኛዋ ዳፑ ናት፤ የቤቱ ቁልፍ የቀረው በእርሷ እጅ ብቻ ነው።

ናርባዳ ጎንበስ ብላ ውሃውን አየች። ጥርት ያለ ነበር።

ወደ አሳንሰሩ ሲወጡ ረዳቷ ኦንካር ከኋላዋ እያዘገመ ሳቅ አለ። «ማዳም፣ እኔ ብሆን ኖሮ ቴሌቪዥኑን ነበር የማነሣው። ዓይን ምን ያደርግልኛል?»

«አንተ ቴሌቪዥኑን ስታነሣ ወገብህ ይቆረጣል» አለች ናርባዳ፤ ግን አልሳቀችም።

*

ዳፑ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ከኮትዳ ተራሮች የመጣች ሴት ናት። በጣቢያው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አጋጥማ ያዘች። ቁልፉ በእጇ እንደነበረ አልካደችም። ቤተሰቡ በሄደበት ረቡዕ ቤቱን ዘግታ ለዕረፍት ወደ መንደሯ እንደሄደች ተናገረች። ብሩሽ ግን በሕይወቷ ይዛ አታውቅም።

የሕንፃው ዘበኛ ቀደም ብሎ ሌላ ነገር ተናግሮ ነበር። ቤተሰቡ የወጣው ከጧቱ በሁለት ሰዓት ነው፤ ዳፑ የወጣችው ግን በአሥር ሰዓት ነው። በመካከሉ ወደዚያ ቤት እንግዳ አልገባም፤ መዝገቡ ባዶ ነው።

«አንድ ቤት ለመዝጋት ስምንት ሰዓት ይፈጃል ወይ?» አለች ናርባዳ።

ዳፑ ጭኗ ላይ ያሉትን እጆቿን አየች።

«ሌላ ሰው አብሮሽ ነበር?»

«እትዬ፣ ያጠፋሁት ነገር የለም። ከዚህ በላይ አይጠይቁኝ።»

ናርባዳ የዝምታ ዓይነቶችን መለየት ሥራዋ ነው፤ ይህኛው ራሱን የሚከላከል ሰው ዝምታ አልመሰላትም። ይሁንና ቪዲሻ ሲንግቪ ክሷን ፈርማለች፤ ቁልፉም የነበረው በአንድ እጅ ነው። ማክሰኞ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ዳፑ ተያዘች። ሕጉ የሚሰጠው ሃያ አራት ሰዓት ብቻ ነው፤ ነገ በዚሁ ሰዓት ዳኛ ፊት መቅረብ አለባት። ፍርዱ ምንም ይሁን ምን፣ ስሟ አንድ ጊዜ በዚያ ሕንፃ አሳንሰር ከወጣና ከወረደ በኋላ በከተማው ውስጥ በሩን የሚከፍትላት ቤት አይኖርም። ዳፑም ይህን ታውቃለች። እያወቀች ዝም አለች።

*

ሥዕሉን ለቤቱ የመረጠው ኒሃር ታለሳራ የሚባል የቤት ውስጥ ዲዛይን ባለሙያ ነበር። ከቪዲሻ ጋር እንደተጣላ ናርባዳ ሰምታለች፤ ቪዲሻ የአምላኩ ሰማያዊ ከመጋረጃዋ ጋር እንዲገጥም ጠይቃ ነበር፤ እርሱም ታኩርጂ በመጋረጃ ልክ አይሰፋም ብሎ መለሰላት። የተበላሸ ሥዕል ደግሞ አዲስ ሥዕል ያስገዛል።

ኒሃር ይህን ግምት ሲሰማ አልተቆጣም። ቤተሰቡ ከመብረሩ በፊት ባለው ማክሰኞ ወደ ጃይፑር ከተማ ሄዶ እስከ ትናንት ማታ በዐውደ ርእይ ላይ ነበር፤ የየቀኑ ፎቶግራፍ አለ፤ የሆቴሉ መዝገብም አረጋገጠ። ናርባዳ ስሙን ከማስታወሻዋ ሰረዘች። ሰውየው ግን ማውራት ፈልጓል።

እንደ ነገራት ከሆነ በአሁኑ ጊዜ ሁሉም የሚፈልገው ላሞቹንና አበቦቹን ነው፤ ከሶፋ ጋር ይሄዳሉ፣ ማንንም አያዩም። አምላኩ ራሱ ያለበትን ሥዕል የገዙት በከተማው ሦስት ቤቶች ብቻ ናቸው። ሦስቱም ሥዕሎች የመቅደሷ ከተማ የናትድዋራው ሽማግሌ ሠዓሊ የዳልቻንድ ጃንጊድ ሥራ ናቸው። ሌሎች ሠዓሊዎች ዛፉንና ላሙን ይሥላሉ፤ ፊት ግን የርሱ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከሠዓሊው ቤት ሰው መጥቶ ጨርቁን እርጥበት እንዳላበላሸው አይቶ አቧራውን ያራግፋል።

«ለነዚህ ሰዎች አምላክ እንዲገዙ ምን አልካቸው?» አለች ናርባዳ።

ኒሃር ትንሽ አፈረ። «ከግራጫ ጋር ያምራል አልኳቸው።»

*

የቀሩትን ሁለት ቤቶች አድራሻ ተቀብላ በዚያው ምሽት ከኦንካር ጋር ሄደች። የመጀመሪያው ቤት የአንድ የልብ ሐኪም ነው። በሩን ራሱ ከፈተ፤ የርሱ ሥዕል ምንም እንዳልሆነ፣ ሲወጣም ሲገባም በፊቱ እንደሚያልፍ አስረዳ። ከዚያ ሦስቱም ሥዕሉ ፊት ቆሙ።

ዓይኖች አልነበሩም።

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ መልሶ አደረገ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አያውቅም። ሰው በመጨረሻ እቤቱ የመጣው መቼ እንደሆነ ጠየቀችው፤ አቧራ የሚያራግፈው ሰው ከአምስት ወር በፊት መጥቶ እንደነበር አስታወሰ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው አልመጣም። ይህን ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ።

ሁለተኛው ቤት ተዘግቷል፤ ባለቤቶቹ ሲንጋፖር ናቸው፤ ጎረቤት ከፈተላቸው። መጋረጃው ወርዷል። በሥዕሉ ሥር ወለሉ ላይ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለች ኩባያ ተቀምጣለች፤ ውሃዋ ጨርሶ ደርቆ ነጭ ክብ ብቻ ቀርቷል። በአምላኩ አፍንጫ ላይ አቧራ ነበር። ኦንካር ቀልድ የሚፈልግ መስሎ ወዲያ ወዲህ አየና ተወው።

ናርባዳ ማጉያ መስታወቷን አወጣች፤ የእጅ ባትሪውንም በጎን እንዲይዝላት ለኦንካር ሰጠችው። ጨርቁ አልተፋቀም። የመጀመሪያው ነጭና ጥቁር ቀለም ሳይነካ ከሥር አለ፤ በላዩ ላይ ሌላ ቀለም ተቀብቶ እስኪለሰልስ በድንጋይ ታሽቷል። ከእያንዳንዱ ቅንድብ ዝቅ ብሎ ደግሞ በባዶ ዓይን የማይታይ፣ ከፀጉር የቀጠነ ጥቁር ቅስት ተሥሏል። ከቅስቱ ላይ ቁልቁል የሚወርዱት ጭረቶች ሽፋሽፍት ነበሩ።

«ዓይኖቹን ማንም አላጠፋቸውም» አለች። «ተከድነዋል። ተኝቷል።»

ኦንካር ባትሪውን አላነቃነቀም። «ማን አስተኝቶት?»

ወደ ጣቢያው ሲመለሱ ዘበኛውን በስልክ እንደገና ጠየቀችው። እንግዳ መጥቶ ነበር ወይ አላለችውም፤ ያን ረቡዕ ከዳፑ ጋር በሠራተኞች አሳንሰር የወጣ ሰው ነበር ወይ አለችው። ዘበኛው ወዲያው መለሰ። አዎ፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ፊቷን የተከናነበች ሴት አብራት ወጥታለች፤ ግን ሠራተኛ ትመስላለች፣ ሠራተኛ ደግሞ መዝገብ ላይ አይጻፍም።

በዚያ ሌሊት ናርባዳ በመንግሥት ቤቷ በሩን ከፍታ መብራት ስታበራ ጧት የተወችው ሳህን ጧት በተወችበት ቦታ ነበር። ሌላ ጊዜ ልብ አትለውም ነበር።

*

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ናትድዋራ ደረሱ። የዳልቻንድ ጃንጊድ ቤት ከከተማው ታላቅ መቅደስ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ሽማግሌው ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ግድግዳውን ተደግፎ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ናርባዳ ሰላምታ ስትሰጥ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ቀስ በይ፣ ልጄ። ታኩርጂ ምሳውን በልቷል። ሊተኛ ነው።»

በክፍሉ ጥግ፣ በትንሿ የእንጨት መቅደስ ፊት፣ አንዲት ሴት ተንበርክካለች። የሳሪ ልብሷ ጫፍ እስከ አገጯ ወርዶ ፊቷን ሸፍኗል። ሽማግሌው ምራቱ ሶሃን እንደሆነች፣ ባሏ የነበረው ልጁ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ እንደሆነ ለናርባዳ በሹክሹክታ ነገራት። ሶሃን የምግቡን ሳህን አነሣች፤ በምትኩ ውሃ የሞላ ትንሽ የናስ ማሰሮ አኖረች። ማሰሮው በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ቀትር ላይ የተኛ ሕፃን ሲነቃ ይጠማዋል። ከዚያ የመቅደሷን መጋረጃ ስባ ዘጋችና በእግር ጣቷ እየረገጠች ወደ ውስጠኛው በር አፈገፈገች።

ናርባዳ ማሰሮውን አየች። ለማጥፋት የመጣ ሰው ውሃ ትቶ አይሄድም፤ ለማስተኛት የመጣ ሰው ግን ውሃ ሳያኖር መውጣት አይሆንለትም፤ እጁ እንቢ ይለዋል።

እንዲህ ሆኖ ምርመራው በሹክሹክታ ተካሄደ። ኦንካር እንኳ ብዕሩን ሲከፍት ድምፅ እንዳይሰማ በመዳፉ አፈነው። ናርባዳ የሦስቱን ቤቶች ነገር ለሽማግሌው አንድ በአንድ ነገረችው፤ ዳፑ የምትባል ሴት ታስራ እንዳለች፣ ዛሬ በአሥር ሰዓት ዳኛ ፊት እንደምትቀርብም ጨመረች። ከውስጠኛው በር በኩል የመስታወት አምባር ድምፅ ተሰማና ጸጥ አለ። ሽማግሌው ጭንቅላቱን ወደዚያ አዞረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ናርባዳ ተመለሰ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። በአውቶቡስ ሄድኩ፣ ከደንኩት፣ መጣሁ። ሴትዮዋን ልቀቋት።»

«ኡዳይፑር ላይ የታየችው ሴት ናት፣ አባቴ።»

«ዘበኛ ምን ያያል?»

ናርባዳ አልተከራከረችውም። ማስታወሻዋን ባዶ ገጽ ላይ ከፍታ በፊቱ አኖረች፤ ከቀለም ዕቃዎቹ መካከልም ከሽኮኮ ጭራ የተሠራውን ቀጭኑን ብሩሽ አነሣች። አንድ የተከደነ ዓይን ብቻ እንዲሥልላት ለመነችው።

ሽማግሌው እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ ብሩሹን አልፈው አየር ያዙ፤ ሁለተኛም አለፉት። በዓይኖቹ ብሌን ላይ ነጭ ጉም እንዳለ ናርባዳ አሁን ነው ያየችው። በመጨረሻ ብሩሹን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። መሥመሩ ከገጹ መካከል ተነሥቶ እየተንቀጠቀጠ ከጠርዙ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ቀረ።

«ብርሃኑ አንሷል» አለ። ቀትር ነበር።

ከዚያ የውስጠኛው በር መጋረጃ ተነሣ። የዚህ ቤት ምራት አማቷ ባለበት ድምፅዋን አሰምታ አታውቅም፤ ለርሱ የምትነግረው ካለ በጎረቤት ሴት ወይም በግድግዳ በኩል ነው። ሶሃን ከፊታቸው ተቀመጠች፤ መሸፈኛዋን ግን አልገለጠችም።

«አባዬ፣ ይበቃል» አለች። «ሰባት ዓመት ሙሉ የአምላኩን ፊት የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ።

ሶሃን በዚያው በሹክሹክታ ተናገረች፤ ብዙ ቃል አልተጠቀመችም። የአማቷ ዓይን ሲደክም መጀመሪያ እጁን ይዛ መራችው፤ በኋላ ብቻዋን ሠራች። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የመጨረሻው ሥራ ዓይኑን መክፈት ነው፤ ያኔ አምላኩ ይመጣል፤ ከመጣ በኋላ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል፣ ሰው ይፈልጋል። ሥዕሉን ገዥ እስኪወስደው ድረስ እርሷ ታበላዋለች። ከዚያ በካርቶን ተጠቅልሎ ይሄዳል። ዝናቡ ሲያባራ አቧራ ልታራግፍ ስትሄድ ነው የት እንዳለ ያየችው።

«በባዶው ቤት መጋረጃው ተዘግቷል። ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርማል። ዓይኑ ተከፍቶ ሶፋውን ያያል። ስንት ወር እንዳየው አላውቅም» አለች። «የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሰው ይኖራል ብዬ ነው የከፈትኩት።»

«ሌላው ቤትስ? ሐኪሙ ቤቱ ነው የሚኖረው።»

«አላየኝም። ሥዕሉ ፊት ተቀምጬ ስሠራ በኋላዬ ሁለቴ አልፏል።»

ዳፑስ? ናርባዳ ልትጠይቅ አልፈለገችም፤ መጠየቅ ግን ነበረባት። አቧራ ልታራግፍ የሄደች ጊዜ ሶሃን ለዳፑ ቀትር ላይ ውሃ እንድታኖርለት ነግራት ነበር፤ ዳፑም ባለቤቶቹ ሳያውቁ በየቀኑ ታኖርለታለች። ቤተሰቡ ሊሄድ፣ እርሷም ወደ መንደሯ ልትላክ ሲሆን ደወለችላት። ማንም አይኖርም፣ ምን ላድርገው አለቻት። ሶሃን በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደች።

«ስምሽን ለምን እንዳልሰጠችኝ ገባኝ» አለች ናርባዳ።

«አትሰጥም። በዚያ ቤት ስሜን የጠየቀችኝ እርሷ ብቻ ናት።»

*

ናርባዳ ሰዓቷን አየች። ስምንት ሰዓት ነበር። ቃሉ መጻፍ አለበት፤ ሲጻፍ ደግሞ ጮክ ብሎ መነበብ አለበት፤ ሕጉ እንዲህ ይላል። ሽማግሌው ግን አምላኩ እስኪነቃ እንዲጠብቁ ለመናቸው። ኦንካር ወደ አለቃው አየ፤ በመንገድ ላይ የሚጠፋውን ጊዜ እያሰላ ነበር። ናርባዳ ስልክ ካለ መንገዱ አያስፈልግም አለችና ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። አራት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጡ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ ናርባዳ ከሰው ጋር ይህን ያህል አብራ ተቀምጣ አታውቅም።

በመጠበቁ መካከል ለሶሃን አንድ ነገር በጆሮዋ ነገረቻት። ይህ ወረቀት ኡዳይፑር ሲደርስ ቪዲሻ ሲንግቪም፣ ኒሃርም፣ ሌላውም ገዥ ሁሉ ያነቡታል። ያን ጊዜ የዳልቻንድ ጃንጊድ ስም ምን እንደሚሆን እርሷ ልትናገር አትችልም። ፊቱን የምትሠራው እርሷ መሆኗን ሳያነሡ ስለ መክደኑ ብቻ መጻፍ ይቻል ይሆናል።

ሶሃን አሰበችበት። መልሱን ግን የሰጠው ሽማግሌው ነው፤ ጆሮው ከዓይኑ ይሻላል።

«ሙሉውን ጻፉት» አለ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ከታላቁ መቅደስ በኩል አምላኩን የሚያነቃው የዛጎል መለከት ተነፋ። ሶሃን ተነሥታ የትንሿን መቅደስ መጋረጃ ገለጠች፤ በክፍሉ ውስጥም የሰው ድምፅ ወደ ልኩ ተመለሰ። ኦንካር ጉሮሮውን ጠረገ።

ቃሉ አጭር ነበር፤ ለመጻፍ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሦስት ሥዕሎች፣ በእርሷ እጅ ተከፍተው በእርሷ እጅ የተከደኑ። ናርባዳ ወዲያው ወደ ጣቢያው ደውላ ዳፑ በነፃ እንድትለቀቅ አዘዘች። ከዚያ ለቪዲሻ ሲንግቪ ደወለች። ቪዲሻ ነገሩን ሰማችና ዓይኖቹ ተመልሰው ሊከፈቱ ይችሉ እንደሆነ ጠየቀች። ናርባዳ ጥያቄውን ለሶሃን አስተላለፈች።

«ቀለሙ ይለቃል» አለች ሶሃን። «ቀን ቀን ማን እቤት እንደሚውል ይንገሩኝና እመጣለሁ።»

ቪዲሻ ክሱ ይቀጥል ወይ ይነሣ እንደሆነ ነገ እንደምትነግራት ብቻ ተናግራ ስልኩን ዘጋች።

ኦንካር የቅጹን ራስጌ እየሞላ ነበር። ስም፣ የባል ስም፣ ዕድሜ። ሥራ በሚለው ቦታ ሳይጠይቅ ጻፈና ወረቀቱን እንድትፈርም አቀረበላት። ሶሃን መሸፈኛዋን ትንሽ ከፍ አድርጋ አነበበች።

«እዚህ ጋ ምን ብለህ ነው?»

«የቤት እመቤት። ሁሉም እንዲህ ነው የሚጻፈው።»

«ይሰረዝልኝ።»

ኦንካር ወደ ናርባዳ አየ። ናርባዳ ብዕሩን ተቀብላ ቃሉን በአንድ መሥመር ሰረዘችና በላዩ ምን እንደምትጽፍ ጠየቀች። ሶሃን ቃሉን ከአፏ ለማውጣት የከበዳት ትመስላለች።

«ሠዓሊ» አለች።

ናርባዳ ጻፈች፤ ሕጉ እንደሚያዝዘው ከስርዙ ጎን ፊርማዋን አኖረች። ሶሃን ስሟን ለመጻፍ ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ እያንዳንዱን ፊደል ከላይ እስከ ታች ሳትነቃነቅ አወረደችው። ከዚያ የምስክር ቦታ ቀረ።

ሽማግሌው ብዕሩን ከኦንካር ተቀብሎ በወረቀቱ ላይ አንዣበበ። «የት ላይ ነው?» አለ።

ሶሃን የእጁን አንጓ ያዘችና ወደ ታች መራችው። «ከኔ ስም ሥር፣ አባዬ።»

ጻፈ። ፊደሎቹ ተጣመሙ፤ አንዱም ከመሥመሩ ወረደ። እርሷ አላቀናችውም።